ፍቅርና የቤተ መንግሥት ሤራ በ«የኮክ አበባ ማራገቢያ» ተውኔት

የታሪክ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ሁለት ጌቶች አሉት። አንደኛው በእርግጥ የተፈጸመው ነገር ነው፤ ሁለተኛው በቴአትር ቤት ተቀምጦ ልቡ እንዲነካለት የሚፈልገው ተመልካች ነው። ብዙ ደራሲዎች ሁለቱን ለማስታረቅ የሚጠቀሙበት ዘዴ የታወቀ ነው፤ በነገሥታቱና በጦር አዛዦቹ መካከል አንድ ጐበዝና አንዲት ቆንጆ ያስገባሉ። እንዲህ ሲሆን ፍቅሩ ለታሪኩ እንደ ቅመም ይሆናል፤ ቅመሙ ቢቀር ጣዕሙ ይጐድላል እንጂ ወጡ ወጥ መሆኑ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የቻይና ተውኔት፣ ኮንግ ሻንግሬን የተባለው ደራሲ በ1699 ዓ.ም. የፈጸመው «የኮክ አበባ ማራገቢያ»፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይነበባል። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ለዚህ ምክንያት የሰጠው ደራሲው ራሱ ነው። በመግቢያው ትዕይንት በሚናገረው ሽማግሌ አፍ፣ የሁለት ሰዎችን መገናኘትና መለያየት ምክንያት በማድረግ የአንድን መንግሥት መነሣትና መውደቅ እንደሚያሳይ ያስታውቃል። ከዚህ የተነሣ ፍቅሩ ሰም፣ የመንግሥቱ ውድቀት ግን ወርቅ ነው የሚሉ አሉ። በዚህ አነጋገር ሰሙ ከቀለጠ በኋላ ወርቁ ብቻውን ይቀራል ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ግን ይህ ተውኔት እንዲህ ተከፍሎ ሊነበብ አይችልም። የቤተ መንግሥቱ ሤራ ወደ ታሪኩ የሚገባው በሙሽሮቹ ጓዳ በር ነው፤ ፍቅሩም የሚፈርሰው በሹማምንቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሁለቱ የሚመላለሱት በአንድ ደጅ፣ የሚገበያዩትም በአንድ ገንዘብ ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ብዙዎች ያዘኑበትና አንዳንዶችም ሊያርሙት የሞከሩት የተውኔቱ መጨረሻ ትክክለኛው መጨረሻ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ይህን ለማሳየት በቅድሚያ ስለ ደራሲው ጥቂት እንናገር። ስለ ዜማውና ስለ ግጥሙ ሳይሆን፣ በ1976 በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጕም መሠረት ስለ ድርጊቱ አካሄድ ብቻ እንመለከታለን።

ደራሲውና ዘመኑ

ኮንግ ሻንግሬን በ1648 በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በቹፉ ከተማ ተወለደ፤ ከኮንፊሽየስ 64ኛ ትውልድ ነው። ሲወለድ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ ቤጂንግ ከወደቀች 4 ዓመት ሆኗት ነበር። ስለዚህ ተውኔቱ የሚተርከውን ዘመን በዐይኑ አላየውም፤ ያዩትን ሰዎች ግን ደርሶባቸዋል። በ1684 የቺንግ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ወደ ቹፉ በመጣ ጊዜ፣ ኮንግ በፊቱ የቀደሙትን መጻሕፍት እንዲተረጕም ተመረጠ፤ በዚህም ምክንያት በቤጂንግ በመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሹመት አገኘ። ከ1686 ጀምሮ ለ3 ዓመት ያህል በያንግጆው አካባቢ በወንዝ ግድብ ሥራ ላይ ተመድቦ ሳለ፣ ላለፈው መንግሥት ታማኝ ሆነው የቀሩትን ሽማግሌዎች እየፈለገ ጠየቀ። በናንጂንግ የፈረሰውን የሚንግ ቤተ መንግሥትም ጐበኘ።

ተውኔቱን ከ10 ዓመት በላይ በልቡ ይዞ ቈይቶ፣ ሦስት ጊዜ ጽፎ ፈጸመው። በ40 ዋና ትዕይንቶች የተከፈለ ሲሆን፣ በመግቢያ፣ በመካከልና በመዝጊያ የተጨመሩ 4 ትዕይንቶች አሉት። ደራሲው ከተውኔቱ ጋር ነገሩን ያገኘባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር አያይዞ ማቅረቡ እንደ ታሪክ ጸሐፊ ሊታመን የፈለገ መሆኑን ያሳያል። በዚያው በ1699 ቤተ መንግሥቱ ቅጂውን በአስቸኳይ አስፈልጎ አስመጣ፤ በሚከተለው ዓመት ኮንግ ከሹመቱ ተሻረ። ብዙ ሊቃውንት ሽረቱን ከዚህ ተውኔት ጋር ያያይዙታል፤ ቍርጥ ያለ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። ደራሲው ራሱ እንደ መዘገበው፣ ተውኔቱ በታየበት ቦታ በደስታው ዘፈን መካከል ፊታቸውን በእጅጌያቸው ሸፍነው ለብቻቸው የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም የቀድሞው መንግሥት አገልጋዮች ናቸው።

የታሪኩ አካሄድ

ታሪኩ የሚጀምረው በ1643 በናንጂንግ ነው። ሆው ፋንግዩ ከሄናን የመጣ፣ በብዕሩ የታወቀ ወጣት ሲሆን፣ የመንግሥቱን ብልሹ አሠራር ለማረም የተነሡ ምሁራን ያቋቋሙት የመታደስ ማኅበር አባል ነው። በቺንኋይ ወንዝ ዳር፣ እንግዶችን በዘፈንና በጨዋታ የሚቀበሉ ሴቶች በሚኖሩበት ሠፈር፣ ሊ ሺያንግጁን ከምትባል ወጣት ዘፋኝ ጋር ይዋደዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ዐመፀኞች ቤጂንግን ይይዛሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቾንግጀን ራሱን ሰቅሎ ይሞታል፤ ከሰሜን የመጡት ማንቹዎችም ከተማይቱን ይወስዳሉ። በደቡብ ማ ሺዪንግ የተባለው ሹም የፉን መስፍን በናንጂንግ ያነግሠዋል፤ የዘመኑም ስም ሆንግጓንግ ተባለ። ይህ መንግሥት የቈየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1645 ያንግጆው፣ ከእርሷም በኋላ ናንጂንግ፣ በማንቹዎች እጅ ወደቁ።

የሁለቱ ወጣቶች ጠላት ሩዋን ዳቼንግ ይባላል። ቀድሞ የኀይለኛው ጃንደረባ የዌይ ጆንግሺያን ወገን ነበር፤ ጃንደረባው ከወደቀ በኋላ ከሹመት ተባርሮ፣ ምሁራኑ ሁሉ የሚጸየፉት ሰው ሆነ። በተውኔቱ ውስጥ በኮንፊሽየስ መቅደስ በተደረገው ሥርዐት ላይ ሊገኝ ቢሞክር ደብድበው ያስወጡታል። ነገር ግን ሩዋን ተራ ተንኰለኛ አይደለም፤ በዘመኑ ከታወቁት ተውኔት ጸሐፊዎች አንዱ ነው። በታሪክም እንዲሁ ነበር። በአራተኛው ትዕይንት የማኅበሩ ወጣቶች የእርሱን የቴአትር ጓድ ተውሰው የእርሱን ድርሰት እያዩ ሳለ፣ ሩዋን አሽከር ልኮ የሚሉትን ያሰልላል። ድርሰቱን ሲያመሰግኑት ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ስሙን አንሥተው ሲሰድቡት ደግሞ ይቃጠላል። ደራሲነቱን ወድደው ሰውነቱን ናቁበት። የሩዋን ቂም ሥሩ ይህ ነው።

ጥሎሹ

የተውኔቱ ማጠንጠኛ በእኔ አስተያየት ሰባተኛው ትዕይንት ነው። ሆው ሺያንግጁንን ወድዷል፤ ነገር ግን የእንግዳ አገር ሰው ነውና ለጥሎሹና ለድግሱ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ያንግ ሎንግዮ የተባለ ወዳጅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ልብሱን፣ ጌጡንና የድግሱን ወጪ ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሙሽሮቹ የመጀመሪያ ሌሊታቸውን ያሳልፋሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ያ ከ200 ወቄት ብር በላይ የወጣበት ስጦታ ከማን እንደ መጣ ይጠየቃል። ከሩዋን ዳቼንግ ነው። ሩዋን በዚህ ስጦታ የሚፈልገው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሆው በወዳጆቹ ዘንድ አንድ መልካም ቃል እንዲናገርለት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ደራሲው የሚያሳየን ሁለት መልስ ነው። ሆው ይራራል። ሰውዬው ተጸጽቶ ከሆነ ከልክ ያለፈ ጭካኔ አይገባም ብሎ ሊያማልደው ያስባል። ይህን ክፉ ሐሳብ ነው ለማለት አይቻልም፤ እንዲያውም የደግ ሰው አነጋገር ይመስላል። ሺያንግጁን ግን በቍጣ ጌጡን ከራሷ ላይ ትነቅላለች፤ ልብሱን አውልቃ ትጥላለች። የገዛ ደስታው ባለዕዳ ያደረገው ሰው ፍርዱ ነጻ ሊሆን እንደማይችል የገባት እርሷ ናት። ሆውም ያፍራል፤ ሚስቴ ብቻ ሳትሆን የምፈራት ወዳጄ ናት ለማለት ይደርሳል።

ይህን ትዕይንት በጥንቃቄ ስንመለከተው፣ ፍቅርና ሤራ ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አለመሆናቸውን እንረዳለን። ያው ቀሚስ የሙሽራ ልብስ ነው፤ ያው ቀሚስ ጕቦ ነው። ሩዋን የሆውን ስም ለመግዛት ሲፈልግ የሄደው ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ድህነትና ፍላጎት ወደ ተገናኙበት ጓዳ ነው። ሺያንግጁን ጥሎሹን ስትመልስ ያደረገችው ነገርም እንዲሁ ሁለት ነው። በአንድ በኩል ፍቅሯን አጠራች፤ በሌላ በኩል ሩዋንን የማይታረቅ ጠላት አደረገችው። ከዚህ በኋላ የሚደርሰው መከራ ሁሉ ከዚህች ጠዋት ይመዘዛል።

የመጀመሪያው ፍሬ ወዲያው ይታያል። የጦር አዛዡ ዙዎ ሊያንግዩ ሠራዊቱ ስለ ተራበ ወደ ናንጂንግ ሊመጣ ይነሣል፤ ቢመጣ ከተማይቱ ልትዘረፍ ነው። የሆው አባት ቀድሞ የዙዎ የበላይ ስለ ነበረ፣ ሆው በአባቱ ስም ደብዳቤ ጽፎ፣ ታሪክ ነጋሪው ሊው ጂንግቲንግ ወስዶ ለአዛዡ ይሰጠዋል፤ ጦሩም ይገታል። ሩዋን ግን ይህንኑ ደብዳቤ አንሥቶ፣ ሆው ከዙዎ ጋር ተመሳጥሮ ከተማይቱን ሊያስይዝ ነው ብሎ ይከሰዋል። ሆው ሙሽራውን ትቶ በሌሊት ይሸሻል። ከተማይቱን ያዳነው ደብዳቤ ጸሐፊውን ከከተማይቱ አስወጣው።

የሁሉ ወዳጅ

አንባቢ ብዙ ጊዜ ክፋቱን ሁሉ በሩዋንና በማ ሺዪንግ ላይ ይጥላል። እኔ ግን ሊጠና የሚገባው ሰው ያንግ ሎንግዮ ይመስለኛል። ያንግ የማ ሺዪንግ እኅት ባል ነው፤ የሩዋን የቃል ኪዳን ወዳጅ ነው፤ የሆውም ባልንጀራ ነው። ሥዕል ያውቃል፤ ጨዋታ ያውቃል፤ በሁሉም ቤት ይወደዳል። ሺያንግጁን የሚለውን ስም ያወጣላት እርሱ ነው። ጋብቻውን ያስማማው እርሱ ነው። የሩዋንን ጥሎሽ ያመጣው እርሱ ነው። ሩዋን ሆውን በከሰሰ ጊዜ ሮጦ መጥቶ አምልጥ ያለውም እርሱ ነው። በኋላ ቲያን ያንግ የተባለው አዲስ ሹም በ300 ወቄት ብር ዕቁባት ልግዛ ሲል፣ ሺያንግጁንን የጠቈመው ያው ያንግ ነው።

ይህ ሰው በማንም ላይ ክፉ አያስብም። ለእያንዳንዱ የሚያደርገው ነገር ለብቻው ሲታይ ውለታ ነው። ሁሉ ሲደመር ግን ጥፋት ነው። ደራሲው በዚህ አሳሳል ስለ ቤተ መንግሥት ሤራ አንድ ትልቅ ነገር ነግሮናል። ሤራ በክፉዎች ብቻ አይቆምም፤ በክፉውና በደጉ መካከል ለዘብ ብሎ የሚመላለስ፣ ሁለቱንም ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ አማላጅ ያስፈልገዋል። ሩዋን ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሺያንግጁንን ደጅ የሚከፍትለት አልነበረም።

የደም አበባ

ማራገቢያው መጀመሪያ የፍቅር ምልክት ነበር፤ ሆው በሠርጉ ሌሊት ግጥም ጽፎ ለሺያንግጁን ሰጣት። የቲያን ያንግ ሰዎች በኀይል ሊወስዷት በመጡ ጊዜ፣ ማራገቢያውን ይዛ ትከላከላለች፤ ራሷን ከመሬት ጋር ታጋጫለች፤ ደሟም በማራገቢያው ላይ ይረጫል። ፊቷ ስለ ቈሰለና ሰዎቹም ባዶ እጃቸውን ስለማይመለሱ፣ አሳዳጊዋ ሊ ጀንሊ በእርሷ ስም ሙሽራ ሆና ትሄዳለች። ሁለት ሴቶች ለአንድ ሹም ፈቃድ ተከፈሉ ማለት ነው፤ አንዷ በደሟ፣ ሁለተኛዋ በሕይወቷ።

ከዚያ በኋላ ያንግ ሎንግዮ ይመጣና፣ ሺያንግጁን ተኝታ ሳለች፣ ደሙን አይቶ ይገረማል፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ ጨምሮ የኮክ አበባ ያደርገዋል። የተውኔቱ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ብዙዎች ይህን የውበት ድንቅ ነው ብለው ያልፉታል። በእርግጥም ውብ ነው። ነገር ግን ሥዕሉን የሣለው እጅ የማን እንደ ሆነ እናስታውስ። ልጅቱን ለቲያን ያንግ የጠቈመው ሰው፣ ከጠቈማው የፈሰሰውን ደም ወደ አበባ ለወጠው። ደራሲው በዚህ ላይ አንዳች ቃል አይናገርም፤ እኛ ግን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ደም ሲያዩት የሚያስነውር ነው፤ አበባ ሲሆን በእጅ ይያዛል፤ ያምራልም። የተማሩ ሰዎች ያገራቸውን ቍስል እንዴት አድርገው እንደ ጌጥ ሊይዙት እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

ማራገቢያው ከዚህ በኋላ ደብዳቤ ይሆናል። የዘፈን አስተማሪዋ ሱ ኩንሼንግ ሆውን ፍለጋ ይዞት ይሄዳል። ሺያንግጁን የምትልከው ቃል የላትም፤ ሐሳቧ ሁሉ በማራገቢያው ላይ ነው።

በቤተ መንግሥት የሚታየው ድርሰት

በዚህ መካከል ሩዋን በአዲሱ ንጉሥ ዘንድ ባለሟል ሆኗል። በበረዶ ቀን በተደረገ ግብዣ ላይ ሺያንግጁን ለሩዋንና ለማ እንድትዘፍን ትጠራለች፤ እርሷም ፊት ለፊት ትሰድባቸዋለች፤ በበረዶው ላይም ትጣላለች። ከዚያም ቤተ መንግሥት ገብታ በተውኔት እንድትጫወት ይፈረድባታል። የሚጠናው ድርሰት የሩዋን «የጨረባ ደብዳቤ» ነው።

ንጉሡ አዝኖ ተቀምጧል። ሩዋን የሐዘኑን ምክንያት እየገመተ ይጠይቃል፤ ምክንያቱ የሰሜኑ ጠላት አይደለም፤ የጦሩ ስንቅም አይደለም። የበዓሉ ቀን ሲቃረብ የ«ጨረባ ደብዳቤ» ተጫዋቾች ገና በሚገባ አለመመረጣቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሺ ኬፋ በያንግጆው ጥቂት ሠራዊት ይዞ ከሰሜን የሚመጣውን ጠላት ይጠብቃል፤ በእርሱ ሥር ያሉት አራት የጦር አዛዦች በመቀመጫ ቅደም ተከተል ተጣልተው እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ።

እዚህ ላይ «የጨረባ ደብዳቤ» ምን ዐይነት ድርሰት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ወጣት ምሁር አንዲትን ዘፋኝና አንዲትን የባለሥልጣን ልጅ ይወድዳል፤ ጨረባ ወፍ በአፏ የግጥም ወረቀት ተሸክማ ሰዎቹን ታገናኛለች፤ ብዙ ጭንቅ ካለፈ በኋላ ወጣቱ ማዕርግ ያገኛል፤ ሁለቱንም ያገባል። ምሁሩ፣ ዘፋኟና ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ወረቀት በሁለቱም ድርሰቶች ውስጥ ይገኛሉ። ኮንግ ሻንግሬን ይህን ሳያስብ አላደረገውም። እውነተኛ ፍቅሯ የተቀማባት ሴት፣ የቀማት ሰው በጻፈው የፍቅር ድርሰት ውስጥ ደስተኛዋን ሴት ሆና እንድትጫወት ታዘዘች። ስለዚህ በቤተ መንግሥቱ ፍቅር ጠፍቶ ነበር ለማለት አይቻልም። ፍቅር በየምሽቱ ይታያል፤ ፍጻሜውም ሁልጊዜ ያምራል። ጠፍቶ የነበረው እውነቱ ነው።

በ1645 ዙዎ ሊያንግዩ ማንና ሩዋንን ለማስወገድ ጦሩን ወደ ናንጂንግ ያንቀሳቅሳል። ማና ሩዋንም ሰሜኑን የሚጠብቀውን ሠራዊት አንሥተው ወደ እርሱ ይመልሱታል። ደጁን ለባዕድ ከፍተው በግል ጠላታቸው ላይ ዘመቱ። ሆው በዚያን ጊዜ እስር ቤት ነው፤ ሺያንግጁን በቤተ መንግሥት ናት። ሁለቱም ነጻ የሚወጡት መንግሥቱ ሲፈርስ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት

በ40ኛው ትዕይንት ሁለቱ በቺሺያ ተራራ በሚገኝ ገዳም፣ ለሞተው ለንጉሠ ነገሥት ቾንግጀን ጸሎት በሚደረግበት ቀን፣ በአጋጣሚ ይገናኛሉ። ማራገቢያውን አውጥተው ይነጋገራሉ። ቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ ዘብ ሹም የነበረው፣ አሁን ግን የመነነው ጃንግ ዌይ ይህን ሲያይ ይቈጣል። ሆው ባልና ሚስት መሆን የሰው ልጅ ሥርዐት ነውና አንተ ምን አገባህ ብሎ ይከራከራል። መነኵሴው ማራገቢያውን ነጥቆ ይቀደዋል፤ አገሩም፣ ቤቱም፣ ንጉሡም፣ አባቱም በጠፉበት ቀን ይህችን አንዲት ፍቅር መቍረጥ አቃታችሁን ብሎ ይገሥጻቸዋል። ሁለቱም እንደ ነቃ ሰው ሆነው፣ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ ተራራ ይለያያሉ።

ይህን ፍጻሜ ገና ደራሲው በሕይወት ሳለ ያልወደዱት ነበሩ። ወዳጁ ጉ ትሳይ ተውኔቱን እንደ ገና ጽፎ ሁለቱን አጋባቸው። በዚያው ዘመን በ1688 ሆንግ ሼንግ የጻፈው «የረጅም ዕድሜ አዳራሽ» የተባለው ተውኔትም የታንግን ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግንና ያንግ ጕይፌይን፣ በፍቅራቸው ምክንያት መንግሥቱ ከታመሰ በኋላ፣ በሰማይ በጨረቃ ቤተ መንግሥት ያገናኛቸዋል። እንግዲያስ ፍቅራቸው መንግሥቱን ያልጐዳ ሁለት ወጣቶች ለምን ይለያያሉ? ተቃውሞው ጠንካራ ነው።

የእኔ መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮንግ ሻንግሬን ሁለቱን ቢያጋባቸው ኖሮ በእጃችን የሚቀረው ሌላ «የጨረባ ደብዳቤ» ነበር። ንጉሡ ጦሩን ረስቶ ሊያየው የጓጓው ድርሰት እንዲሁ ያለ ነው፤ ተመልካቹም ተደስቶ፣ የወደቀውንም መንግሥት ረስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ደራሲው ለሃያ ትዕይንቶች ያህል የከሰሰውን ነገር በመጨረሻዋ ሰዓት ራሱ ሊያደርገው አይችልም ነበር።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ተጋብተው የት ይኖራሉ? በዚያው በ1645 አዲሱ መንግሥት ወንዶች ሁሉ የራሳቸውን ፊት ተላጭተው እንደ ማንቹ ጠጕራቸውን በስተኋላ እንዲጐነጕኑ ዐዋጅ አወጣ። ሆው ወደ ትውልድ አገሩ ቢመለስ በዚያ ዐዋጅ ሥር ነው። እውነተኛው ሆው ፋንግዩም ተመልሶ ነበር፤ በ1651 የቺንግን መንግሥት ፈተና ተቀምጧል። ደራሲው ይህን ከተውኔቱ አውጥቶታል። እንግዲህ ሺያንግጁን ብታገባ ኖሮ የምታገኘው ባል የ1651ዱ ሰው ነው፤ ያንኑ ጥሎሽ በሌላ እጅ የተቀበለ ሰው። በ1937 ጃፓን ቻይናን በወረረችበት ዓመት ኦውያንግ ዩቺያን ይህን ተውኔት እንደ ገና ሲያዘጋጅ፣ ሆው ለአዲሱ መንግሥት አድሮ እንዲመጣ፣ ሺያንግጁንም እንድትክደው አደረገ። በ1963 የተሠራው ፊልምም በዚሁ መንገድ ሄደ። ይህ ለውጥ ለታሪኩ ይቀርባል፤ ነገር ግን ነገሩን የአንድ ሰው ክህደት ብቻ ያደርገዋል። በኮንግ ዘንድ ሆው ባይከዳም እንኳ የሚገቡበት ቤት የለም፤ ይህ ይበልጥ የሚያስፈራ ነው።

ደራሲው እውነቱን የለወጠበት ሌላም ቦታ አለ። ሺ ኬፋ በያንግጆው ተይዞ ተገድሏል፤ በተውኔቱ ግን ወንዝ ገብቶ ይሞታል። እውነተኛው ሆው ስለ ሺያንግጁን በጻፈው አጭር ታሪክ የቲያን ያንግ 300 ወቄትና የእርሷ እምቢታ አሉ፤ ደሙና ማራገቢያው ግን የሉም። እነዚህ ለውጦች የነገሩን ፍርድ አያጣምሙም። የ1651ዱ ፈተና መቅረት ግን ሆውን ከሚገባው በላይ ያነጻዋል።

አንድ ጕድለት

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ የማልደብቀው አንድ ጕድለት አለ። ጥሎሹን የመለሰችው፣ ለሹማምንቱ ፊት ለፊት እውነቱን የተናገረችው፣ ደሟን ያፈሰሰችው ሺያንግጁን ናት። በመጨረሻው ትዕይንት ግን ፍርዱን የሚሰጠው ጃንግ ዌይ ነው፤ የሚከራከረውም ሆው ነው። እርሷ ከመስማማት በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል የላትም። እንደ ሰባተኛው ትዕይንት ሁሉ ማራገቢያውን የምትቀደው እርሷ ብትሆን ኖሮ፣ መለያየቱ የራሷ ፍርድ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ትእዛዝ ነው።

ጕድለቱ የአጻጻፍ ብቻ አይመስለኝም። መነኵሴው ንጉሥና አገር ጠፉ ብሎ ሲገሥጽ፣ ሆውን መገሠጹ ተገቢ ነው፤ መንግሥቱ ለእርሱና ለአባቱ ማዕርግ ሰጥቷል። ለሺያንግጁን ግን ያ መንግሥት የሰጣት ምንድን ነው? በ300 ወቄት ሊሸጣት ሞከረ፤ በበረዶ ላይ ጣላት፤ በጠላቷ ድርሰት አጫወታት። ከሁሉ ይልቅ የበደላት መንግሥት ሲወድቅ፣ ከሁሉ ይልቅ ታማኝ ሆና የተገኘችው እርሷ ናት። ደራሲው ይህን አሳይቶናል፤ ጥያቄውን ግን እንድትጠይቀው አልፈቀደላትም። የኮንፊሽየስ ልጅ እስከዚህ ድረስ መጥቶ ቆመ።

ለማጠቃለል

በመዝጊያው ትዕይንት፣ በ1648፣ ታሪክ ነጋሪው ሊው ዓሣ አጥማጅ፣ ዘፈን አስተማሪው ሱ እንጨት ቈራጭ ሆነው፣ ከሽማግሌው የሥርዐት አዛዥ ጋር ያለፈውን ያነሣሉ። አንድ የመንግሥት መልእክተኛ የተሸሸጉ አዋቂዎችን እየፈለገ ለአዲሱ መንግሥት አገልግሎት ለመውሰድ ይመጣል። መልእክተኛው ቀድሞ የታላቅ መስፍን ልጅ የነበረ ነው። ሦስቱ ተነሥተው ይሸሻሉ። እንግዲህ በዚያ ተራራ ላይ እንኳ ሤራ ያልደረሰበት ሥፍራ የለም፤ ለፍቅርም እንዲህ ያለ ሥፍራ አልተረፈለትም ነበር።

ስለዚህ ይህን ተውኔት የምናነብ ሁሉ ፍቅሩን ለይተን ልናዝንለት፣ ሤራውንም ለይተን ልንፈርድበት አንችልም። ሩዋን ጥሎሹን በላከ ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ሆው ስጦታው የማን እንደ ሆነ ከሠርጉ በፊት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ሺያንግጁን በማግስቱ ጌጡን መንቀል ባላስፈለጋት ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ከንጉሡ ጀምሮ እስከ ምሁሩ ድረስ ስጦታ የማይቀበል የለም። የተቀበለችውን የመለሰች አንዲት ዘፋኝ ብቻ ናት።